አባትሽ ሽጉጡን የመለሰ ዕለት

አፍንጮ በር፣ አዲስ አበባ
ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፍዮሪ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ የኔ እናት? የቪየና ብርድ እንዴት አደረገሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ለወግ ያህል የምለው እንዳይመስልሽ፤ በእውነት ደህና ነን። ነገሩን በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን አባትሽ ገና ሲደወል አጠገቤ ተቀምጦ «ድምፁን ክፈቺው» ይላል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ወደዚያ በምትመለሰው ባልደረባሽ በሜላት እጅ ላክሁልሽ።

የአባትሽን ሽጉጥ ታውቂው የለ? ፒያሳ ያለው ወርቅ ቤታችን የተዘረፈ ጊዜ ፈቃድ አውጥቶ የገዛውን። ትራሱ ሥር አድርጎት ነበር የሚተኛው። እንዳትደነግጪ ብዬ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በክረምቱ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት፣ ወንድምሽ ልዑል ቁልፉን ረስቶ በአጥር ዘሎ ገባ። አባትሽ ሌባ መስሎት ደገነበት። ልጁ «አባዬ፣ እኔ ነኝ!» ብሎ ባይጮህ ኖሮ… አልጽፈውም፣ እጄ እምቢ አለኝ። ልጄን ልቀብር ነበር እኮ!

ለፖሊስ መልሰው ብዬ ለመንኩት፣ አለቀስኩ። «ወርቅ የያዘ ሰው ባዶ እጁን አይተኛም» ብሎ ድርቅ አለ። በነጋታው እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ልዑል ጥይቶቹን አወጣልኝ፤ እኔ የምስር ጣሳው ውስጥ ቀበርኳቸው። እንዲያም ሆኖ ልቤ አላረፈም። ሌላ ጥይት ቢገዛስ? እውነተኛ ሌባ መጥቶ ባዶ ብረት ይዞ ቢቆምስ? እሱ ያንኮራፋል፣ እኔ ጣራ ጣራ አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንቺ የኑክሌር ሙከራን ስለሚከለክለው ስምምነት አገራችንን ወክለሽ የተናገርሽበት ቪዲዮ ደረሰን። አባትሽ ስልኩን ይዞ ፒያሳን አዳረሳት። ካፌ ቁጭ ብለን ሳለ ሰዓት የሚጠግነው ጓደኛው ተክላይ፣ መቼም ምላሱን ታውቂዋለሽ፣ እንዲህ አለው፦

«የማነ፣ አትቆጣኝና፣ የኑክሌር ቦምብ የሌላት አገር አልሠራም፣ አልሞክርም ብላ መፈረሟ ምን ይባላል? ጥርስ የሌለው ሰው አልነክስም ብሎ መማሉ አይደለም?»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። አባትሽ ማኪያቶውን አስቀመጠና «ጥርሱ ከበቀለ በኋላ የሚምል ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለው። «ደግሞ መሐላ ብቻ አይደለም፤ የሚያዳምጥም አለ። እዚሁ ፉሪ የመሬትን መንቀጥቀጥ የሚሰማ መሣሪያ አለን። ማንም ተደብቆ ቢያፈነዳ፣ በየአገሩ እንዲህ ያለ ጆሮ ተተክሎለታል። ልጄ ናት የነገረችኝ!»

«እሺ፣ ተረታሁ» አለ ሽጉጡ የት እንደሚያድር የሚያውቀው ተክላይ። «ታዲያ ያንተን ትራስ ማን ያዳምጠው?»

አባትሽ ማኪያቶውን ሳይጨርስ ተነሳ።

በማግስቱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሽጉጡን በጋዜጣ ጠቀለለና «ነይ፣ አብረን እንሂድ» አለኝ። ደስታዬና ድንጋጤዬ ተደባለቁ። ፖሊስ ጣቢያ ከፍተው ባዶ መሆኑን ሲያዩ ምን ሊውጠኝ ነው? እንደፈራሁት ፖሊሱ አገላብጦ አየውና «አባባ፣ ጥይቱስ?» አለ። መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ።

አባትሽ ግን ምንም ሳይመስለው «የምስር ጣሳ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ከሰዓት ታመጣዋለች» አይል መሰለሽ!

ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ «መቼ ነው ያወቅከው?» አልኩት።

«ዓለም፣ ዕድሜዬን ሙሉ ወርቅ በመዳፌ ስመዝን የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያው ቀን ሽጉጡን ከትራሴ ሥር ሳነሳ መቅለሉን እጄ ነገረኝ። ጣሳውንም ከመደርደሪያ ሳወርድልሽ መክበዱን እንዲሁ።»

«ታዲያ ለምን ሌላ አልገዛህም?»

«ልጄ ላይ የደገንኩበትን እጅ እኔም ፈርቼው ነበር። አንቺ ስላወጣሽልኝ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ» አለኝ። እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ። ሰው ምን ይለኛል አላልኩም።

ልጄ፣ አመሰግንሻለሁ። ለምኜ ያልሆነልኝን አንቺ ባሕር ማዶ ቆመሽ አስጨረስሽልኝ። ጥርስ የሌላት ይበሏት፤ አገርሽ በአንደበትሽ የማለችውን የምትጠብቅ ትሁን። ለታላላቆቹ መንግሥታትም እንደ አባትሽ የገዛ እጃቸውን የሚፈሩበት ቀን ያምጣላቸው። አንቺን ኪዳነ ምሕረት በክንፏ ትጋርድሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሰሚ ጆሮ አትጪ።

እናትሽ ዓለምጸሃይ

ልረሳው ነበር፦ ትናንት ማታ ልዑል ደግሞ ቁልፉን ረስቶ በአጥር ዘለለ። ኮሽታውን ስሰማ ደነገጥኩ። አባትሽ ከአልጋው ሳይነሳ «እራትህ ተከድኖልሃል» አለውና ተገላብጦ ተኛ። እኔም ተኛሁ።