ማሩን ያስቀደመው ረጅም ሌንስ

ወንድምዓለም ውባንተ፣

ከሰላምታው በፊት ኑዛዜው ይቅደም። እኔ ኃጢአተኛዋ ታናሽህ ትርንጎ፣ ደብረ ታቦር ፎቶ ቤትህ ውስጥ የቆለፍከውን ሳጥን በፀጉር ሽቦ ከፍቼ ካሜራውንና ረጅሙን ሌንስ አውጥቻለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ በደብዳቤ ጩኸት ስለማይሰማ ነው።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። እንደምን ከርመሃል? የጅግጅጋን ሙቀት ለመድከው? ወገብህንስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ሌንሱም ደህና ነው።

ለትምህርት ቤት ዕረፍት ይፋግ አክስታችን ወርቅዬ ዘንድ መጥቻለሁ። ትናንት ቅዳሜ ጣና ዳር የወጣቶች የታንኳ ቀዘፋ ነበር፤ አንደኛ የወጣው ባሕር ዳር ሄዶ ይወዳደራል። የአክስታችን ልጅ ማሩም ቀዝፏል። ዳኛው የአክስታችን ጎረቤት አያ ሞላ ነበሩ። እሳቸው ውሃን የሚያውቁት በጠበል ነው፣ እሱንም ዓይናቸውን ጨፍነው። ጥላ ዘርግተው የመድረሻው ምልክት ላይ ቆሙ።

መጀመሪያ አጭሩን ሌንስ ገጠምኩ፤ ታንኳዎቹ ውሃ ላይ የወደቀ ገለባ መሰሉ። በረጅሙ ቀየርኩት። ፍጥነቱን የሰከንድ አንድ ሺህኛ አደረግሁ፤ ከዚያ ከዘገየ ከመቅዘፊያው የሚረጨው ጠብታ ክር ይሆናል። ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፤ ዝቅ ሲሉ ቀዛፊው ከፍ ብሎ ይታያል። ምልክቱ ፊት ለፊት ግን የከሰዓት ፀሐይ ውሃው ላይ እያንጸባረቀ ዓይኔን ስለወጋኝ፣ ቀዛፊዎቹ ወደሚመጡበት በኩል ሠላሳ እርምጃ ተመልሼ ከኋላቸው በሰያፍ አነሳሁ። ፎቶው አማረ፤ ጥፋቱም ከዚያው መጣ።

ማሩና የይፋጉ አናጢ ልጅ ፋሲል እኩል ሊባል በሚችል ሁኔታ ደረሱ። ልክ በዚያች ቅጽበት ነፋሱ የአያ ሞላን ጥላ ገለበጠው፤ እሳቸው ከጥላው ጋር ሲታገሉ ውድድሩ አለቀ። ሰው ሲጨቃጨቅ ጊዜ አያ ሞላ ወደ እኔ መጡና ፎቶውን አዩ። ‹‹ሰው ያዳላል፣ ካሜራ ዘመድ የለውም›› ብለው ለማሩ ፈረዱ። እኔም አመንኩ። አክስታችን በግ ገዝታ አሰረች።

ዛሬ ጠዋት ፎቶዎቹን ተራ በተራ ሳያቸው ነገሩ ገባኝ። ማሩ ወደ ዳር ቀርቦ ነበር የሚቀዝፈው፤ ከኋላ በሰያፍ ለሚያይ ዳር ያለው የቀደመ ይመስላል። ረጅሙ ሌንስ ደግሞ በመካከላቸው ያለውን ውሃ አጥፎ አጣበቃቸው። ቀጥሎ ባለው ፎቶ ፋሲል መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይተነፍሳል፤ ማሩ ገና ይቀዝፋል። ሳይደርስ የሚያርፍ ማን አለ?

የአሸናፊው ስም ማክሰኞ ወደ ባሕር ዳር ይላካል። ዝም ብል የሚጠይቀኝ የለም፤ ብናገር አክስታችን ታዝንብኛለች፣ አያ ሞላም ልጅ አዋረደችኝ ይላሉ። ፋሲል ግን ትናንት ታንኳውን ተሸክሞ ብቻውን ነው የሄደው። ስለዚህ ቆርጫለሁ፤ ነገ በጠዋት ሁለቱንም ፎቶ ይዤ አያ ሞላ ዘንድ እሄዳለሁ።

ለባለቤትህ ለእመቤት ሰላም በልልኝ፤ ትንሿን ልጅህንም ጉንጯን ሳምልኝ። እናትና አባታችን ከደብረ ታቦር ናፍቀንሃል ይላሉ። አክስታችን ወርቅዬ ሰላም ብላሃለች፤ ይህን ደብዳቤ ሳታነብ። ማሩም

‹‹ትርንጎ›› አለኝ ማሩ ራሱ። ለካ ከጀርባዬ ቆሞ ሲያነብ ኖሯል። ወረቀቱን በእጄ ብሸፍነውም ረፍዶ ነበር። ‹‹እኔም ገና ስቀዝፍ ፋሲል መቅዘፊያውን አጋድሞ ሲያርፍ አይቼዋለሁ›› አለ። ‹‹አያ ሞላ ዘንድ ለመሄድ ነገን ለምን እንጠብቃለን?›› ብሎ ጫማውን እያጠለቀ ነው፤ ካሜራውን አንሥቼ ልከተለው።

ታናሽህ ትርንጎ
ይፋግ፣ የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.