የብልባላው ጠቅላይ ሚኒስትር የአቶ ከፋለ ሰጠኝ የሕይወት ታሪክ

አቶ ከፋለ ሰጠኝ ከአባታቸው ከአቶ ሰጠኝ ጥሩሰውና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትሁን አያሌው በ1924 ዓ.ም. በላስታ፣ ብልባላ ተወለዱ። ከሁለት ወንድማማቾች ለትምህርት የተመረጡት እርሳቸው ሲሆኑ፣ ዳዊት ደግመው ጽሕፈትም ተምረዋል። ይህን ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ፈንታው ፊደል እንደ ቆጠረ ሞፈር ያዝ ተባለ። ይሁን፤ ዛሬ የሚነገረው የእርሳቸው ነው።

በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወርደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚሰበሰብበት አዳራሽ ተቀጠሩ። ሥራቸው ወንበር መደርደር ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የት፣ ጽሕፈት ሚኒስትሩ የት፣ የጦሩ፣ የገንዘቡ፣ የፍርዱ፣ የእርሻው፣ እስከ ፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎኑ ድረስ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ በቃላቸው ያውቁት ነበር።

አባታቸው ሲያርፉ በ1956 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው ከወ/ሮ ወለተ ሐና ጋር ጎጆ ቀለሱ፤ አምስት ልጆችም አፈሩ። ጨዋታ ወዳድ ነበሩና የመድኃኔ ዓለም ጽዋ ማኅበር አለቃ በሆኑ ጊዜ ማኅበርተኛውን እንደዚያ አዳራሽ ደለደሉት። ራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሰካራም የሚያስወጡት አቶ ሙሉሃብት የጦር፣ መዋጮ የሚይዙት አቶ አረጋ የገንዘብ፣ ወሬ የማያመልጣቸው ወ/ሮ ሙሉዬ የፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎን ሚኒስትር ተባሉ። አገሩ በሹመቱ ሲጠራራ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ታናሽ ወንድማቸው ግን ሚኒስቴር አልቋል ተብሎ በር ሥር ተቀመጠ።

በ1970 ዓ.ም. ወ/ሮ ሙሉዬ ላሊበላ ገበያ ላይ ምን አስቸኮለሽ ቢሏቸው፣ የጦር ሚኒስትራችንን ሆዳቸውን አሟቸው ነው ብለው መለሱ። ይህን የሰማ ካድሬ የንጉሡ ካቢኔ ብልባላ ላይ ተቋቁሟል ብሎ በማኅበሩ ዕለት ሚሊሺያ አስከትሎ መጣ። በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ የተያዘ አይመለስም ነበር። ካድሬው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ነው ሲል፣ አቶ ከፋለ ሌላው እንዳይነካ ብለው እኔ ነኝ አሉና ተነሡ። ወ/ሮ ሙሉዬም አላስቻላቸውም።

«ፖስታና ቴሌግራፍ እኔ ነኝ፣ ጓድ። እርስዎ መምጣትዎን ሳልሰማ ቀርቻለሁና መሻር የሚገባኝ እኔ ነኝ።»

የሳቀ የለም። ሚሊሺያው ገመድ አወጣ። ካድሬው በሩ ሥር ወዳለው ሰው ዞሮ አንተስ የምን ሚኒስትር ነህ አለ። የምንም ቢለው አላመነም፤ የሰውዬው ወንድም አይደለህም እንዴ ብሎ አፋጠጠው። ፈንታው ያን ጊዜ የሆዱን ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ይህ እውነተኛ መንግሥት ቢሆን ኖሮ ወንድሙን ይሾም ነበር።»

ካድሬው መጀመሪያ ገመዱን አየ፣ በር ሥር የተቀመጠውንም አየ። ቀጥሎ ሳቁ አሸነፈው፤ ሚሊሺያዎቹም ተከተሉት። ገመዱ ተመለሰ፤ ካድሬው ጠላ ጠጥቶ፣ ከእንግዲህ ኮሚቴ በሉት ብሎ ሄደ። ብልባላ ያን ቀን እንደ ሠርግ ጨፈረች። አቶ ከፋለም ሚስታቸውን አቅፈው እስክስታ ወረዱ።

ታናሽየው አሁንስ ይሾሙኛል ብሎ ቢጠብቅ ወይ ፍንክች። ሲጠይቃቸው፣ አንተን የሾምኩ ዕለት መንግሥት ሆነን እንታሰራለን ብለው አገር አሳቁበት። ይህንኑ በየክርስትናው፣ በየሠርጉ ሲያወሩ የዳኑበትን ቃል ማን እንደ ተናገረ ግን አይጠሩም ነበር፤ አንድ ሰው ይሉ ነበር እንጂ።

አቶ ከፋለ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በላሊበላ ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 1998 ዓ.ም. ዐረፉ። አልጋ ላይ ሳሉ የሚጠይቃቸውን ሰው ሁሉ ወደ ታናሽ ወንድማቸው እያመለከቱ «ከገመድ ያወጣኝ ይህ ነው፤ ስሙም ፈንታው ነው» ይሉ ነበር። ሐኪሙ ሳይቀር ስሙን አጠና። ቀደም ብለው ቢሉት ምን ነበረበት። ቢሆንም ተብሏል፤ ሰውም ሰምቷል።

ባለቤታቸውን፣ አምስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ፈንታው ሰጠኝን ትተው ሄደዋል። መድኃኔ ዓለም ነፍሳቸውን እየሳቁ እንደ ኖሩ በደስታ ይቀበልልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።