እሺ ያለኝ ቀን

ልጄ ምንትዋብ፣ በኪየቭ ብርድ ፈጣሪ ሙቀት ይሁንሽ። ከሁሉ በፊት ይህን ተረጂ፤ አባትሽ በጠና ታሟል።

ጠባዩን ታውቂዋለሽ፤ ቀኝ ሲሉት ግራ ነው። እኔም እልኸኛ ተማሪዎቼን የማሠራበትን ዘዴ ለእሱ አውለው ነበር። አጥሩን እንዲያድስ ስፈልግ፣ «ተወው፣ አንተ አትችለውም» እለዋለሁ፤ ወዲያው መዶሻ ይፈልጋል። ከቀበሌ ስብሰባ ቀርቶ መዘዝ እንዳያመጣብን፣ «ዛሬ እንኳ ቤት ዋል» እለዋለሁ፤ «አንቺ ነሽ የምታስቀሪኝ?» ብሎ ካፖርቱን ያነሣል።

ያለፈው እሑድ ሾርባ ይዤ ገባሁና፣ «ይህ የእኔ ነው፤ እንዳትነካው» አልኩት።

«እሺ» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በትዳራችን እሺ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ስምሽን አያነሣም፤ ግን ከወደ ቦሌ የአውሮፕላን ድምፅ በተሰማ ቁጥር በሩን ያያል። የእኔን ዘዴ ለምዶታል፤ ምናልባት ያንቺ ይሠራ ይሆናል። «አባባ፣ ትምህርቴን እስክጨርስ መቆየት አይችሉም፤ አይጠብቁኝ» ብለሽ ጻፊለት። እልሁ ከተነሣ ይጠብቅሻል።

እመብርሃን ከፊት ከኋላሽ ትሁን። እባክሽ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ መልሺልኝ።

እናትሽ