በአንድ እጅ የሚታጠፍ ጋሪ

እታለም፣

ቀዩን የልጅ ጋሪ ከበሩ ሥር ስታጪው ፖሊስ እንዳትጠሪ። የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ሱቅ መልሼ በግራጫው ቀየርኩት። ቀዩ እንደሚያምር አውቃለሁ፤ የሚያምረው ግን ምድር ቤት ቆሞ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት አንቺ እጀታውን፣ እኔ ጎማውን፣ ጉልቤው ልጅሽ ደግሞ ፀጉሬን መያዝ ነበረብን።

ሁለታችሁም ተኝታችሁ ስለነበር በጉልቤው ፈንታ አሥር ኪሎ ዱቄትና አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ሄድኩ፤ ክብደቱ ልክ እሱን ነው። ሻጯ ቀና ሳትል “ስንት ወሩ ነው?” አለችኝ። “ዱቄት ነው” አልኳት። ከዚያ በኋላ በጥንቃቄ ነው ያናገረችኝ።

ግራጫው ጋሪ እስከ ሦስት ዓመቱ ይችለዋል፤ የእግር ማሳረፊያው አብሮት ይረዝማል።
ቀበቶውን በሁለቱም ትከሻዎቹ አሳልፊ፤ አለዚያ ሾልኮ ይወርዳል።
ለማጠፍ መጀመሪያ ልጁን አውጪ። ቀጥሎ መቀመጫው መሃል ያለውን የጨርቅ እጀታ ወደ ላይ ሳቢ።

ዱቄቱን በግራዬ አቅፌ በቀኜ ሰባት ጊዜ አጠፍኩት። ሻጯ “እናቱ የሚያግዛት የለም እንዴ?” አለች። አፍሬ ጎማ ማየት ጀመርኩ።

ላንቺ ግን ልናገር። ሌላ ከተማ የቀረበልኝን ሥራ እሺ ብያለሁ፤ እሑድ እሄዳለሁ።
ሦስት ሳምንት ሙሉ አፌ ላይ እየደረሰ ተመልሷል።

ማታ ስገባ ትሰድቢኛለሽ፤ መብትሽ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጉልቤውን አቅፈሽ ደረጃው ሥር አንዴ እጠፊውና ብቻሽን ይዘሽው ውጪ። ካቃተሽ እቀራለሁ።

አውቀሽ ግን እንዳያቅትሽ።

ታናሽ ወንድምሽ