ከ«ወንበር» ጋር ተደብቆ የሄደው ቃል

ውድ ወንድሜ ሚዛኑ፣

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ገና ሳንጀምር «አባዬ፣ በይቅርታ እንጀምር?» አለችኝ። እንዲህ የሚባል ቃል ከአፌ ካልወጣ እንዳትጽፊ ብያታለሁ። እኔ ታላቅህ ነኝ። ያልገባኝን ጥፋት አልሸከምም፤ ይሄ ነገር ደግሞ እስካሁን በደንብ አልገባኝም። የገባኝን ያህል ልንገርህ።

ስልክ አታነሳም። አዲስ የተከራየኸው ቤት ድረስ መጥቼ ነበር፤ አላንኳኳሁም። አናጢ ሆነህ በቆርቆሮ በር ትገባለህ? ያንን በር ማንኳኳት ለእጄም ውርደት ነው።

ጥለኸኝ የወጣህ ቀን ያቺ ነርስ ደንበኛህ መጣችና «ወንበርዎን የሱቃችሁ ድረ ገጽ ላይ ብፈልገው የለም፤ መሥራት ተዉ እንዴ?» አለችህ። ስልኳን ተቀብለህ «ወንበር» ብለህ ጻፍክ። የእኔ ወንበሮች ተደርድረው መጡ፤ ያንተ አንድም የለም። ቅጽል ስምህን ጻፍክ። «አየህ? ምንም አልተገኘም ይላል» አልከኝ። እኔ መጋዝ ላይ ነበርኩ፤ «ማሽን ለሚለው እኔ ምን አገባኝ» አልኩህ። መላጊያህን በጨርቅ ጠቀለልክ፣ መሮዎችህን ሰበሰብክ፣ «ጢሜ እስኪሸብት አብሬህ ቆሜ በገዛ ቤቴ አልተገኘሁም» ብለህ ወጣህ። ሻይ ልትጠጣ የሄድክ መስሎኝ ነበር። መላጊያ ይዞ ሻይ የሚጠጣ ሰው እንደሌለ የገባኝ ሻዩ በጣም ሲቆይ ነው።

ገጹን ያበጀችው ልጄ ስለሆነች ከሥራዋ እንደተመለሰች ያዝኳት።

«አጎትሽን ከዚያ ገጽ ያወጣው ማን ነው?»

«ማንም አላወጣውም አባዬ። አለ።»

«ካለ የት አለ?»

«አለ፤ ግን አይታይም።»

ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ መልስ ሰምተህ ታውቃለህ? «ስለ እግዜር ነው የምታወሪኝ ወይስ ስለ ወንበር?» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው አለች። እንደምታስታውሰው ስልክ አንገሽግሾኝ ነበር። ሰው ሁሉ እየደወለ «ያ ቁም ሣጥን አለ?» ይላል፤ ቁም ሣጥኑ ከተሸጠ ከርሟል። ለካ እሷ ዕቃ ሲሸጥ ዋጋውን ታጠፋለች እንጂ ፎቶውን ከገጹ ላይ አታወርድም። «እንግዲያው ዋጋ የሌለውን ዕቃ አታሳዪ፣ ጆሮዬን አሳርፊኝ» አልኳት። ብያለሁ፤ አልክድም።

እሷስ ምን አደረገች? ሰው የሚፈልገውን የሚጽፍበት ሳጥን አለ አይደል? ከሱ ጎን ሌላ ሳጥን አበጀች፤ የማይታይ። ውስጡ «ዋጋ ያለው ብቻ» ብላ አስቀመጠችበት። ደንበኛው «ወንበር» ብሎ ሲልክ ያኛውም ሳይጠራ ተከትሎ ይሄዳል። ልጅ ወደ ጎረቤት ስትልክ ጮክ ብለህ «መዶሻ አምጣ» ትልና በጆሮው ደግሞ «እጀታው የተሰበረ ከሆነ ተወው» ትለው የለ? እንደዚያ ነው። እዚህ ላይ ግን ሹክ የምትለው ልጄ ናት፤ የሚጠይቀው ደንበኛው ነው።

«ሰውየው ያላለውን በስሙ ትልኪያለሽ?» አልኳት።

«ሁሉም ድረ ገጽ ያደርገዋል አባዬ።»

«የት ነው የደበቅሽው? አሳዪኝ።»

ስልኳ ላይ፣ ከገጹ በላይ ያለውን ረጅም የአድራሻ መስመር በጣቷ ነካች። ስታነብልኝ ከጥያቄ ምልክቱ ቀጥሎ «ወንበር» አለ፤ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ያ ድብቅ የተባለው ተጽፎ ተዘርግቷል፤ ፀሐይ ላይ እንደወጣ ልብስ!

«ተደብቋል ያልሽው ይሄ ነው?»

«እሱን የሚያነብ የለም» አለች።

እኔስ ፊደል አልቆጠርኩም። የቆጠሩት ካላነበቡት ታዲያ ለማን ነው የተጻፈው? እኛም እኮ የወንበሩን እግር ከመቀመጫው ጋር የሚይዘውን ምላስ እንጨቱ ውስጥ እንደብቀዋለን፤ እንዲያያዝ ብለን ነው። የእሷ ድብቅ ግን ወንድምን ከወንድም ይለያል።

አንተ ደግሞ ለወንበር ዋጋ ቆርጠህ አታውቅም። «ሰው ሳይቀመጥበት ወንበር ዋጋ የለውም» ትላለህ። ደንበኛውን ታስቀምጣለህ፣ ትዞረዋለህ፣ የወንበሩን አንድ እግር ትልጋለህ፣ ከዚያ ነው የምትናገረው። ስለዚህ የዋጋህ ቦታ ከመጀመሪያውም ባዶ ነበር። ያ ሹክሹክታ አንተንም እንደተሸጠ ቁም ሣጥን ቆጠረህ። እኔ ያዘዝኩት ቁም ሣጥኑን ነው። ወንድሜን አላዘዝኩም። ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? ልጄን ብል እኔ ያልኩትን አደረገች፤ እኔን ብል ያላልኩት ሆነ፤ ማሽኑን ብል ይስቁብኛል።

«አውጪው» አልኳት። «ካወጣሁት ስልኩ ይመለሳል» አለች። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ድብቁን ሳጥን ሳትነካ ቃሉን ለወጠችው፤ አሁን «ያልተሸጠ ብቻ» ይላል። «መጀመሪያውኑ እንዲህ አታደርጊም ነበር?» ብላት «አንተ ዋጋ ነው ያልከኝ» አለች። አሁን «ወንበር» ሲባል ያንተም ይመጣል፤ በቅጽል ስምህ ቢፈልጉህም አለህ። የዋጋው ቦታ ላይ «ተቀምጠው ይጠይቁ» አስጽፌያታለሁ። ይሄኛው የእኔ ነው፤ ከማንም አልሰማሁትም።

ትናንት አንድ ሾፌር ይሄንኑ አይቶ መጣ። ጀርባውን ያመዋል። ባለ መደገፊያው ወንበርህ ላይ ተቀመጠና «ስንት ነው?» አለ። እኔም እንደ አንተ ዞርኩት። አጎነበስኩ። እግሩን አየሁ፣ ትከሻውን አየሁ።

«ምን እያዩ ነው አባት?» አለኝ።

«እንጃ። ወንድሜ የሚያየውን» አልኩት።

ከልጅነታችን ጀምሮ ከጎንህ ቆሜ ምን እንደምታይ ጠይቄህ አላውቅም። የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ሾፌሩ «እንግዲያው እሳቸው ሲመጡ እመለሳለሁ፤ መቼ ይመጣሉ?» አለ። ምን ልበለው? ማሽኑ እንኳን አለ ይላል። በቤቱ የለም የምለው እኔ ሆንኩ።

የሥራ ጠረጴዛህ ላይ ሙጫና ቆርቆሮ ከምሬበት ነበር፤ አንስቼዋለሁ። አሁን የሠራሁት ጠረጴዛ ይወዛወዛል። ውሃ ልኩ ትክክል ነው ይላል፤ ጠረጴዛው ግን ይወዛወዛል። የቱን እንደማምን አላውቅም። መጥተህ በዓይንህ እየው።

መላጊያህን ይዘህ ና።

ታላቅህ

በይ ልጄ፣ አንብቢልኝ። ከላይ ጀምረሽ፣ ቀስ ብለሽ። እኔ ያላልኩትን ቃል የሆነ ቦታ ደብቀሽ ከሆነ ስታነቢ እሱን ዝለዪው። እንዳትፍቂው ግን።