በቅሬያችን አቡጀዲ ላይ ባሕር ላሳዩን ክቡር ቀኛዝማች

ቆቦ፣ ነሐሴ 1965 ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች ገብረ ማርያም፣
የተንቀሳቃሽ ሲኒማና የሕዝብ መዝናኛ ክፍል ኃላፊ፣
ደሴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ለመኪናዎና ለጄኔሬተርዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤ ሲጻፍ ደህና ነን ማለት ወግ ስለሆነ ወጉን ማጉደል አልፈለግሁም። ዝርዝሩን ማወቅ ቢያስፈልግዎ ከአውራ ጎዳናው ዳር የተቀመጡትን ሰዎች መጠየቅ ይቻላል። ባለፈው ሲያልፉ የመኪናዎ አቧራ ሸፍኗቸው ሳያዩዋቸው ቀርተው እንደሆነ ብዬ ነው።

እኔ ሰላሁዲን አራጌ እባላለሁ፤ በቆቦ ገበያ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የሰፈራችንም የቅሬ ዳኛ ነኝ። ቅሬ ማለት እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት አዋጥቶ ሬሳውን የሚያነሳበት ማኅበር ነው። ደሴም ቅሬ መኖሩን አውቃለሁ፤ ክቡርነትዎ ግን እስካሁን ስላላስፈለገዎ ረስተውት ይሆናል። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ በገበያው ዛፍ ላይ መለጠፌም ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ከዚህ ቀደም በፖስታ የላክናቸው በሙሉ መንገድ ላይ ስለጠፉብን፣ ይኸኛው ቢጠፋ እንኳ ያነበበው ሰው እንዲኖር ብለን ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ምስጋናችንን ላቅርብ። በሰኔ ወር፣ ሰማዩ አልዘንብ ብሎ፣ ጎሊና ወንዝም አሸዋ ብቻ ሆኖ በነበረበት ሰሞን፣ ክቡርነትዎ ከደሴ ድረስ ደክመው ውሃ ይዘውልን መጡ። ውሃው በፊልም ላይ መሆኑ እርግጥ ጉድለት ነበረው፤ እንግዳን ግን በጉድለቱ መቀበል አግባብ አይደለም። እንዲያውም አስቀድሞ በታዘዝነው መሠረት፣ ከመንገዱ በላይ በሁለት ግንድ መካከል «ክቡር ቀኛዝማች ገብረ ማርያም እንኳን ደህና መጡ» የሚል፣ ከመሥሪያ ቤትዎ የተላከልን ነጭ ጨርቅ ሰቅለን ተቀበልንዎ። ጨርቁን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ፊደሉን የጻፈው የትምህርት ቤቱ መምህር ነው። ዝናብ እንዳያበላሸው በማይለቅ ቀለም ይጻፍ ብለው ያዘዙት ደግሞ ክቡርነትዎ ነዎት። በዚያ ወቅት ስለ ዝናብ የሚያስብልን ባለሥልጣን መኖሩ በራሱ አጽናንቶናል።

አሁን ቅሬታዎቻችንን፣ ቅሬታ መባል የሚገባቸው ከሆነ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የጨርቁ ጉዳይ። ያን ዕለት የፊልም ማሳያ ሸራዎን ወልድያ ላይ ነፋስ እንደቀደደው ነገሩንና፣ በምትኩ ሰፊ ነጭ ጨርቅ ሳይመሽ እንዲቀርብ አዘዙ። በቆቦ በዚያ ሰሞን ያልተጻፈበት ሰፊ ነጭ ጨርቅ የነበረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በቅሬያችን ሣጥን ውስጥ። ለክርስቲያኑ መግነዝ፣ ለእስላሙ ከፈን እንዲሆን በደህናው ዘመን አዋጥተን የገዛነው፣ በክፉው ዘመን ደግሞ እየቆጠብን ያቆየነው አቡጀዲ ነው። ይህን በአክብሮት ብናስረዳዎ፣ ሙታን እስከ ነገ ቢታገሡ እንደማይጎዱ፣ ሕያዋን ግን ዛሬውኑ መዝናናት እንዳለባቸው ገለጹልን። ንግግሩ አምሮ ስለተነገረ ሣጥኑን ከፈትን።

ጨርቁን አገጣጥሜ የሰፋሁትም እኔው ነኝ። በማግስቱ በቀላሉ ተፈትቶ ወደ ሣጥኑ እንዲመለስ ብዬ ክሩን አላልቼ ነበር የሰፋሁት። በማግስቱ ጠዋት መቀሴን ይዤ ስመጣ ግን ጨርቁም፣ መኪናውም፣ ክቡርነትዎም ወደ ዋጃ ማለፋችሁን ነገሩኝ። የዋጃ ሕዝብ ባሕር ሳያይ መዋል እንደሌለበት ይገባኛል። የእኛ ሙታን ግን እስከ ነገ ታገሡ የተባሉት ነገው በዋጃ በኩል ዞሮ እንደሚመጣ ሳይነገራቸው ነው።

ሁለተኛ፣ የፊልሙ ጉዳይ። ፊልሙ እጅግ ያማረ ነበር። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች በባሕር ማዕበል ላይ በሳንቃ ቆመው ለመንሸራተት ያላቸውን ጽኑ ፍቅር የሚያሳይ መሆኑን፣ ስሙም ሰርፊንግ እንደሚባል አስተርጓሚዎ በሚገባ አስረድቶናል። ያስረዳን ግን ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው። ፊልሙ በሚታይበት ጊዜ እሱ ጄኔሬተሩ እንዳይጠፋ ሲታገል ስለነበር፣ እኛ ያየነውን ሁሉ በምናውቀው ተረጎምነው።

የራያ ቆላ ሰው የሚያውቀው ትልቅ ውሃ ጎርፍ ነው። ክረምት ሲገባ ከደጋው የሚወርደውን ጠብቀን፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፈን ወደ ማሳችን እናስገባዋለን፤ ከዚያ ነው የምንበላው። ጎርፉ ከልክ ያለፈ ጊዜ ደግሞ ቤት ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ክቡርነትዎ ይፍረዱን፤ ቁምጣ ብቻ የቀረው ሰው በሳንቃ ላይ ቆሞ፣ ከቤት የሚበልጥ ውሃ ከኋላው ሲያባርረው ብናይ ምን ይምሰለን? ጎርፍ ቤቱን ወስዶበት፣ የበሩን መዝጊያ ገንጥሎ በላዩ የተረፈ ምስኪን ነው ያልነው። ሰው በጤናው የቤቱን መዝጊያ ተሸክሞ ውሃ ውስጥ ይገባል ብሎ የሚያስብ በቆቦ አልነበረም።

ከሱቄ አጠገብ በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤቴ ኡሙሃኒ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ «ያ ረቢ፣ እነዚህንም የሰው ልጆች አውጣቸው» እያለች ዱዓ ያዘች። ፊልሙ አገር ይቀያይር ነበር። አንዴ ጥቁር ድንጋይ ያለበት ዳርቻ፣ አንዴ ዘንባባ የበዛበት ደሴት፣ አንዴም በረዶ ያረፈበት ተራራ ሥር ያሳየናል፤ በሄደበት ሁሉ ግን ያው ጎርፍ፣ ያው መዝጊያ ላይ የቆመ ሰው ነው። ለካስ ዓለም በሙሉ ተጨንቋል አልን። አንዱ ወጣት ውሃው ተጠቅልሎበት ሲሰወር ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ፣ በወዲያኛው በኩል እንደቆመ ብቅ ሲል ሴቶች እልል አሉ፣ ወንዶች አጨበጨቡ። አንድ ሽበታም ሰው ሲወድቅ ደግሞ ደረት የደቁ ነበሩ።

ከጎሊና ዳር የመጣው ገበሬ በርሄ ይሄ ሁሉ ውሃ በከንቱ ሲፈስ ማየቱን አልቻለውም። ተነስቶ ከላይ በኩል እንዲጠልፉት አቡጀዲውን መምከር ጀመረ፤ ጎትተን አስቀመጥነው። በኋላ አስተርጓሚዎ ውሃው ጨው መሆኑን፣ ሰዎቹም በገዛ ፈቃዳቸው እንደገቡ ሲነግረን በርሄ ራሱን ነቀነቀና፣ «እንዲያማ ከኛም የባሱ ናቸው። እኛ ማሳ ይዘን ውሃ አጣን፣ እነሱ ውሃ ሞልቷቸው ማሳ አጡ» አለ። በፊልሙ ውስጥ ያለው አንዱ ሰውም ማዕበል ያላየ ዕለት እህል አልበላ እንደሚለው ተተረጎመልን። ሐዘኑን ተካፍለናል፤ እኛም እህል ያላየን ዕለት ማዕበሉ ብዙም አይጥመንም።

ሦስተኛ፣ የጭብጨባው ጉዳይ። ስለ ጨርቁ በአውቶቡስ ሹፌር በቃል ለላክነው ጥያቄ፣ በዚያው ሹፌር በኩል በቃል የላኩልን መልስ ደርሶናል። በመልስዎ አቡጀዲው የቆቦ ሕዝብ በደስታ ያበረከተው ስጦታ ተደርጎ እንደተመዘገበ ነግረውናል፤ ስጦታ መስጠታችንን ከሰጪዎቹ ቀድመው በማወቅዎ ተደንቀናል። አክለውም ሕዝቡ በሲኒማ እልል የሚልና የሚያጨበጭብ፣ ጨርቅም የሚለግስ ስለሆነ፣ በአካባቢው ረሃብ ገባ የሚባለው የተጋነነ ወሬ መሆኑን ለበላይ እንዳስረዱ ሰምተናል።

በዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሰው ከሞት ሲተርፍ አይተን መደሰታችን እንዲህ ያለ መዘዝ እንደሚያመጣ አላወቅንም ነበር፤ ለወደፊቱ ራሳችንን እንቆጣጠራለን። ይሁን እንጂ ለማጨብጨብ የሚያስፈልገው እጅ እንጂ ሆድ አለመሆኑን፣ በአመቸዎ ጊዜ፣ ለእነዚሁ የበላይ አካላት ቢጨምሩልን ውለታዎን አንረሳም።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፣ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም የእኔ አይደለም። እማማ በላይነሽ የሚባሉ በዕድሜ የገፉ ባልቴት አሉን። ከቅሬያችን አባላት ሁሉ ቀዳሚዋ እሳቸው ናቸው፤ የሰው ለቅሶ ቀርተው አያውቁም፣ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ሬሳ ሸኝተዋል። ያን ምሽት ፊልሙ እንዳለቀ በምርኩዛቸው ወደ ክቡርነትዎ ቀርበው፣ «ጌታዬ፣ እነዚያን የወደቁትን ማን ይቀብራቸዋል? ቅሬ አላቸው?» ብለው ጠይቀውዎት ነበር። ክቡርነትዎ እንባዎ እስኪመጣ ስቀው፣ ዓይንዎን በመሐረብ ጠርገው መኪናዎ ውስጥ ገቡ።

እማማ በላይነሽ ግን መቀለዳቸው አልነበረም። ፊልሙ አንዱ ሲወድቅ ወዲያው ወደ ሌላ አገር ይዘል ስለነበር፣ የወደቁት ሲነሱ አላየናቸውም። እሳቸውም ሞቱ ብለው ያዙ። አስተርጓሚው ጨዋታ ነው ቢላቸው፣ ለማጽናናት የሚነገር ነገር መሰላቸው። በማግስቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከደጃቸው ለቅሶ ተቀመጡ። ስማቸውን እንኳ ለማያውቋቸው፣ በባዕድ አገር ውሃ ለቀሩ የሰው ልጆች፣ ራሳቸው ቁርስ ሳይቀምሱ አለቀሱላቸው። ክቡርነትዎ ሊስቁበት ይችላሉ፣ ሥራዎ መዝናኛ ነውና።

አሁን እማማ በላይነሽ ከመደባቸው መነሳት አልቻሉም። የሚደርሳቸውን ጥቂት ንፍሮ ለጎረቤት ልጆች ያካፍላሉ እንጂ አይበሉም። ጠዋት ጠዋት ልጠይቃቸው ስገባ ስለ እህል አያነሱም፤ «ሰላሁዲን፣ አቡጀዲው መጣ?» ይሉኛል። አልመጣም ስላቸው፣ «እንግዲያ ነገ ይሁና» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ከሰኔ ወዲህ የሞቱብንን ሌሎቹን በጆንያ ቀብረናል፤ ባዶ ጆንያ አልቸገረንም ነበርና። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ያዋጡት በአቡጀዲ ተገንዘው ለመሄድ ነው፤ የሚጠብቁትም ይህንኑ ብቻ ነው። ለመሥሪያ ቤትዎ አሠራር ሲሉ ሞታቸውን የሚያዘገዩ ሴት በጠቅላይ ግዛቱ ውስጥ ሌላ ያሉ አይመስለኝም፤ ሽልማት ቢታሰብ እሳቸውን አደራ እላለሁ።

ስለዚህ የምንለምነው ጨርቃችን እንዲመለስ ብቻ ነው። ማዕበሉ ታሽቶበት፣ የዋጃም አቧራ ጠጥቶ ቢሆን እንቀበለዋለን፤ ክሩንም ራሴ እፈታዋለሁ፣ ስፌቱ ላላ ያለ ስለሆነ ብዙ አያደክምም። የእርስዎ ጨርቅ በበኩሉ አሁንም ከመንገዱ በላይ እንደተሰቀለ ነው። ስምዎ ስላለበት ማንም አልነካውም፤ ክቡርነትዎ ባይመጡም እሱ እንኳን ደህና መጡ እያለ ይጠብቅዎታል።

በመጨረሻም ባሕሩን ከነማዕበሉ፣ ሰዎቹን ከነፍቅራቸው እዚህ ድረስ አምጥተው ስላሳዩን፣ ደረቁን ወንዛችንን በተሻገሩ ቁጥር ጎማዎ እንዳይረጥብ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ በታች ካለው አሸዋ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ የባሕር ተመልካች፣ የባዶ ሣጥን ጠባቂ፣
ሰላሁዲን አራጌ
የቅሬ ዳኛ፣ ቆቦ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልለጥፈው እማማ በላይነሽ አረፉ። ስገባ ስለ አቡጀዲው አልጠየቁኝም፤ ባለመጠየቃቸው አወቅሁ። ጆንያም አልቆብን ስለነበር በከተማው የቀረው ነጭ ጨርቅ ከመንገዱ በላይ የተሰቀለው ብቻ ሆነ። አውርዱት ያለችው ኡሙሃኒ ናት፣ ግንዱ ላይ ወጥቶ ያወረደው በርሄ ነው። ፊደሉን ልናጥበው አስበን ነበር፤ ቀለሙ እንዳዘዙት የማይለቅ፣ ውሃውም የሌለ ሆነብን። ወደ ውስጥ ልናዞረው ብንሞክር ከሁለቱም ወገን ያስነብባል። ስለዚህ ማዕረግዎ በደረታቸው፣ ስምዎ በጎናቸው በኩል ውሎ ተቀበሩ። የመንግሥትን ንብረት ያለ ፈቃድ ስለተጠቀምን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ይመለስ ከተባለም መቃብሩን እናሳያለን። የወደቁትን ማን ይቀብራቸዋል ብለው ለጠየቁዎት ጥያቄም ከእንግዲህ መልስ እንዲልኩልን አናስቸግርዎትም። እማማ በላይነሽ ራሳቸው ሙታኑ ካሉበት ደርሰዋል፣ የለበሱትን አንብቦ ይህ ሰው ማን ነው የሚላቸውም አይጠፋም፤ እሳቸው ደግሞ የሚያውቁትን የሚደብቁ ሴት አልነበሩም። ክቡርነትዎም አይስጉ፤ ተራዎ ደርሶ ወደዚያ ሲመጡ ስምዎ ቀድሞዎት ገብቷልና፣ በሩ ላይ ማን ነህ የሚልዎ አይኖርም።