ሹክሹክታዬን የሰማው ችሎት

ልጄ፣ በሄድክበት ሁሉ ፊትህ ይብራ፤ እንደምን ከረምክ? ከጎረቤታችን ጋር ካለን የአጥር ክስ በቀር እኛ ደህና ነን።

የችሎቱ አዳራሽ እንደ ባዶ በርሜል ስለሚያስተጋባ የዳኛው ቃል አይገባኝም ነበር። እሳቸውም ከጎረቤታችን ጋር የተመሳጠሩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ጣሪያውን ዝቅ አድርገው፣ ግድግዳውን ወፍራም ጨርቅ አልብሰው አደሱትና ማስተጋባቱ ጠፋ። ገና ስገባ ነገሩ አላማረኝም። እንደ ልማዴ ከኋላ ተቀምጬ፣ ምስክሬ ለሆነችው አክስትህ "አጥሩን አንድ ክንድ መግፋታችንን እንዳታነሺ" ብዬ በጆሮዋ ሹክ አልኳት። ዳኛው ቀና ብለው "እማማ፣ እኛም ሰምተናል" አይሉኝም!

አንተ እዚያ በሕንፃ ንድፍ ሥራህ የምትነድፈው እንዲህ ያለውን አዳራሽ አይደል? እውነት ንገረኝ፣ አንተ ነህ ያስተማርካቸው? ፈጣሪ እጅህን ይባርከው፤ ብቻ እባክህ፣ ስትነድፍ ሹክሹክታ የማታሳልፍ አንዲት ጥግ ለእናቶች ተውልን።